ድሬዳዋ ላይ ያገለገለ ሚኒባስ ገዝቶ የመኝታ መኪና ማድረግ፦ ከደላላው ስልክ እስከ ደንገጎ ዳገት

ታህሳስ 18 ማታ ቁልቢ ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ከድሬዳዋ የምንነሳው በቀጭን ሹራብና በነጠላ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። አንድ ዓመት እናቴን ይዘን ወጣን። በተከራየነው ሚኒባስ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች ነው ያነጋችው። ጠዋት ስትወርድ ጉልበቷ አልዘረጋ አላት፤ ደግፈን ነው ለቅዳሴ ያደረስናት። አልጋ ያለው መኪና የሚለው ሐሳብ ቤታችን የገባው ያን ቀን ነው።

ፈረንጆች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መኪና አላቸው፤ ሞተርሆም ይሉታል። አልጋው፣ ምድጃው፣ ውሃው፣ መጸዳጃው ሁሉ ውስጡ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለውን በመጠነኛ ገንዘብ ማግኘት ከባድ ነው። ቢገኝ እንኳ መስኮቱ ወይም የውሃ ፓምፑ ሲሰበር የሚተካውን ዕቃ ድሬዳዋ ገበያ ላይ አታገኙም። ለእኛ የሚያዋጣው ያገለገለ ሚኒባስ ገዝቶ ተነቃይ አልጋ መግጠም ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ልናገር። መኪናውን ግዙ፣ አልጋውን አትግዙ። አልጋ እንጨት ቤት ይሠራል፤ መጋረጃ ከአሸዋ ገበያ ይገዛል። የተሰነጠቀ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) እና የበሰበሰ ሻንሲ (መኪናውን የተሸከመው ብረት) ግን ኪስ አራግፎም አይጠግብም። እኛ ይህን የተማርነው በገንዘባችን ነው።

የመጀመሪያው መኪናችን ውስጡ ያምር ነበር። ወይን ጠጅ መጋረጃ፣ ለስላሳ ፍራሽ፣ ጣራው ላይ ትንንሽ ሰማያዊ መብራቶች። ልጆቹ ገብተው አንወርድም አሉ። ሻጩ ቤት ስንደርስ ሞተሩ እየሠራ ነው የጠበቀን። «አቦ፣ እንዳትጠብቁ ብዬ አስነስቼ ነው» አለን። ደስ አለን። ገዛነው። በሳምንቱ ወደ ሐረር ስንወጣ፣ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ የሙቀት መርፌው ቀይ ገባ። እንፋሎቱ ከመቀመጫው ሥር ቡፍ አለ። እናቴ ከልጅ ልጆቿ ጋር መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቴስታታው ቀድሞም ተሰንጥቆ፣ በብየዳ ተጠግኖ ኖሯል። ለመጠገን ያወጣነው ገንዘብ አልጋውን ሦስት ጊዜ ያሠራ ነበር።

ሁለተኛውን ስንገዛ ለሁለት ወር ያህል ዘጠኝ መኪና አየን። ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ የተከተልነውን መንገድ ነው።

መጀመሪያ፦ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት

ያላችሁን ሁሉ መኪናው ላይ አታፍስሱ። ከ10 ብሩ 2ቱን ለብቻው አስቀምጡ፤ አትንኩት። ያገለገለ መኪና የቱንም ያህል ደህና ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠይቃል። ጎማ፣ ባትሪ፣ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ)፣ የፍሬን ሸራ፣ ባሌስትራ (ከሥር ያለው ንጣፍ ሞላ)። ይህን ገንዘብ ያልያዘ ሰው ጥሩ መኪና ገዝቶ እንኳ ደጁ ላይ አቁሞ ያየዋል። ስም ማዛወሪያው፣ ኢንሹራንሱና የደላላው ኮሚሽንም ከዚሁ ይወጣል። ኮሚሽኑን መኪናው ሳይታይ በፊት ተነጋገሩ። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ የኮሚሽን ጭቅጭቅ ስንት ወዳጅ አጣልቷል።

የትኛው መኪና?

የእኔ መልስ ቶዮታ ሃይኤስ ነው። ዶልፊን በሉት አባዱላ፣ ዘሩ አንድ ነው። ምክንያቴ መለዋወጫው ነው። ሂርና ወይም አሰበ ተፈሪ ላይ ቢቆም እንኳ ገልጦ የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። ከእሱ ይልቅ ምቾት ያላቸው ሌሎች ቫኖች አሉ፤ ግን አንድ ሴንሰር ሲቃጠል አዲስ አበባ ድረስ ደውላችሁ ትጠብቃላችሁ። ለመኝታ መኪና ይሄ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የሚቆመው ቤተሰቡ ውስጡ እያለ ነው።

ስለ እነዚህ ሃይኤሶች ማወቅ ያለባችሁ ትልቁ ነገር ሞተሩ ያለው ከፊት መቀመጫ ሥር መሆኑ ነው። ለማየት መቀመጫው ይነሳል። ይህ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ብዙ ገዢ መቀመጫ ማስነሳት ያፍራል፤ ሻጭም ይህን ያውቃል። አትፈሩ፣ አስነሱ። ሁለተኛ፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ተነድቶ ማታ ለመኝታ ሲቆም የፊተኛው ክፍል እስኪበርድ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የአልጋው ራስጌ ወደ ኋላ በኩል ይሁን።

እዚህ አዲሱ የምለው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ትውልድ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ከ1989 ጀምሮ የተሠራው ነው። በአሮጌው ላይ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የሚባሉ የናፍጣ ሞተሮች ታገኛላችሁ። መጠናቸው በቅደም ተከተል 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር ነው። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) የሌለው 5ኤል ፈጣን አይደለም፤ ግን ቀላል ነው። ኮምፒውተር ሳያስፈልግ በእጅ ይጠገናል። አዲሱ ትውልድ ላይ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ እና 3.0 ሊትሩ 1ኬዲ አሉ። ጉልበታቸው ጥሩ ነው፤ ናፍጣም ይቆጥባሉ። ችግራቸው ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። ቆሻሻ ናፍጣ አይወዱም፤ አራቱ ኢንጀክተር አንድ ላይ ሲጠየቅ ዋጋው ያስደነግጣል። በመጠነኛ ገንዘብ ለሚገዛና ዓመት ሙሉ ለማይነዳው ሰው እኔ 5ኤሉን እመርጣለሁ።

ርዝመትና ስፋቱን በሜትር ለኩ። የአዲሱ ትውልድ መደበኛ ቦዲ የውጭ ስፋቱ 1.695 ሜትር ነው፤ ሰፊው 1.88 ሜትር። የላሜራውንና የሽፋኑን ውፍረት ስትቀንሱ አዋቂ ሰው በአግድም ተዘርግቶ አይተኛም። አልጋው በቁመት ነው የሚሆነው። ጣራው ከፍ ያለውን ካገኛችሁ ብትጨምሩም አይቆጭም። እናቴ ጎንበስ ሳትል ልብስ መቀየር መቻሏ ብቻ በቂዬ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የሚንሸራተተው በር። ለእኛ መንገድ የተሠራ መኪና በሩ በቀኝ ነው፤ ወደ እግረኛ መንገዱ ይከፈታል። ለጃፓን ተሠርቶ መሪው ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ግን በሩ በግራ ይቀራል። ልጅ ሲወርድ በቀጥታ መኪና የሚያልፍበት ላይ ይወርዳል። መሪው የተቀየረ መኪና ሥራው ጥሩ ካልሆነም አደጋ ነው። ዳሽቦርዱ ሥር እጃችሁን ሰዳችሁ የተቀጠለ ሽቦና የተበየደ ብረት ፈልጉ። እኛ እንዲህ ያሉትን አልፈናቸዋል።

ስልክ ላይ የሚያልቅ ሥራ

ሰው ብዙ ጊዜ መኪና ለማየት ተሯሩጦ ይደክማል። ግማሹ በስልክ ያልቃል። ሊብሬው በማን ስም ነው? እርስዎ ባለቤት ነዎት ወይስ ወኪል? ቀረጥ የተከፈለበት ነው ወይስ ቀረጥ ነጻ የገባ? ቦሎው የዘንድሮ ነው? ሞተር ወርዶ ያውቃል? ከወረደ ማን ሠራው፣ ምን ተቀየረ? ለምን ይሸጣሉ?

መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱን ስሙ። «ሞተር ወርዷል፣ ፋሻና ጓርኒሲዮን ተቀይሯል፣ ደረሰኙ አለኝ» የሚል ሰው ከ«ምንም አልተነካ፣ እንደ አዲስ ነው» ባዩ ይሻለኛል። ፋሻ የፒስተኑ ቀለበት ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ። ሃያ ዓመት የሠራ መኪና ምንም አልተነካም ማለት አልተያዘም ማለት ነው።

በመጨረሻ ይህን ጠይቁ፦ «ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ፤ እባክዎ ሞተሩን ሳያስነሱ ይጠብቁኝ።» እሺ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ደርሳችሁ ሞተሩ ሞቆ ካገኛችሁት ተመለሱ። በደግነት ይሁን በተንኮል ለእናንተ ልዩነት የለውም፤ ማየት የነበረባችሁን አላያችሁም።

ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ

መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የራሳችሁን ነው የምላችሁ፤ ደላላው ያመጣውን አይደለም። የእኛ ሰው ከለገሐሬ በኩል ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው መኪና ሲያዩ አይናገሩም። መጀመሪያ እጃቸውን ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ለብ ካለ ቀና ብለው ሻጩን ያያሉ፤ ያኔ ሁሉም ሰው ይገባዋል።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ይከፈታል፤ የሞቀ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ። ጣታችሁን አስገቡ። አረንጓዴ ወይም ቀይ ንጹህ ፈሳሽ ከሆነ ደህና። ቡናማ የዝገት ውሃ ከሆነ ዓመታት በባዶ ውሃ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው፤ የውስጥ ቱቦው ተበልቷል። ጣታችሁ ላይ ቅባት ከቀረ ዘይት ውሃው ውስጥ ገብቷል። የሁለተኛው ፍለጋችን አራተኛ መኪና ላይ ያየነው ይህን ነው። ጋሼ ጣታቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨርቁን አሳዩኝ። ወተት የተደባለቀበት ሻይ የመሰለ፣ ሲነኩት የሚያንሸራትት ነገር። ሻጩን አመስግነን ወጣን። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ ስታዩም ያው ነጭ አረፋ ካለ ነገሩ አንድ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ሄዷል።

አሁን ይነሳ። እዚህ ላይ የድሬዳዋ ሰው መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። ከተማችን ሞቃት ነው። ደካማ የናፍጣ ሞተርም እዚህ በአንዴ ይነሳል። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሞተው፣ መጭመቁ ደክሞ እንኳ ላይታወቅ ይችላል። ያው መኪና ቁልቢ ላይ ጎህ ሲቀድ አልነሳም ይላችኋል። ስለዚህ ሻጩ ከፈቀደ መኪናው አንድ ሌሊት ሐረር ወይም ዓለማያ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ማየት ወርቅ ነው። ዘመድ ያለው ሰው ይህን አይለፍ።

ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፤ ናፍጣውን ከሚገፋው ፖምፓ፣ ከኢንጀክተር ወይም ከተደፈነ አየር ማጣሪያ ይመጣል። ነጭ ጭስ በብርድ ለጥቂት ሰከንድ ቢታይ አይገርምም፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርጋችሁ ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለም። ከዘለለና ጭስ ከተፋ ፋሻው አልቋል። ይህች የክዳን ሙከራ ምንም አታስወጣም፤ ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ እሷን እወዳለሁ።

ቺንጋውንም ጠይቁ። በኤል ሞተሮቹም በኬዲዎቹም የታይሚንግ ቺንጋ አለ። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ዋጋው ላይ አስቡት። ሲበጠስ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከሥሩ ግቡ

ካርቶን አንጥፋችሁ ተኙ። ልብሳችሁ ይቆሽሽ። ሻንሲው ላይ የምትፈልጉት ዝገት፣ ብየዳና አዲስ ጥቁር ቀለም ነው። አዲስ ቀለም በራሱ ጥሩ ነው፤ ግን ለምን ተቀባ? በቁልፍ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊቱም ይወድቃል። በጅቡቲ በኩል የባሕር ዳር አየር ላይ የቆዩ መኪኖች ዝገታቸው ከሥር ነው የሚጀምረው። ከላይ ያብረቀርቃሉ።

ለቦዲው ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ላሜራው ላይ ይይዛል፤ ለጥገና የተለጠፈ ወፍራም ስቱኮ ላይ አይይዝም። በሮቹ ሥርና የጎማ ቅስቶቹ ላይ አሂዱት።

የጎርፍ መኪናን ድሬዳዋ ላይ ልዩ ትኩረት ስጡት። የደቻቱን ወንዝ የምናውቀው እኛ ነን። የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የወሰደብንን ሰው ይህች ከተማ አትረሳም። ከዚያ ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ መኪና ይነካል። ጎርፍ የገባበት መኪና ታጥቦ ሲሸጥ አያስታውቅም፤ ጭቃው ግን አንድ ቦታ ይቀራል። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። የመጨረሻው ክንድ ላይ ቡናማ መስመር ካለ ውሃው እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር። የወንበሩን ሐዲድና ከምንጣፉ ሥር ያለውን እጥፋት በባትሪ እዩ። ውስጡን አሽትቱ። ብዙ ሽቶ የተረጨበት መኪና ያሳስበኛል።

ጎማ ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል። 2319 የሚል ካያችሁ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። እዚህ ፀሐዩ ጎማን ያደርቃል። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ካለ ሥራው አብቅቷል። አምስት ሰው የሚሄድበት መኪና ነው፤ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

ደንገጎ፦ ዋናው ፈተና

ሌላ ከተማ ያለ ሰው መኪና ለመፈተን ሰፈሩን ይዞራል። እኛ ደንገጎ አለን። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ሐረር 1,850 ሜትር ያልፋል። መካከል ላይ መንገዱ በዓለማያ በኩል 2,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከሙቀቱ ቆላ ተነስቶ ጠመዝማዛውን ሳያቋርጥ የሚወጣ መኪና፣ የትም ይወጣል። ሞተሩን፣ ራዲያተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን አንድ ላይ የሚመረምር ማሽን ቢገዛ ከዚህ ዳገት አይበልጥም።

በቀትር ውጡ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሲነድ። ጠዋት በቅዝቃዜው የወጣ መኪና አልተፈተነም። አራት አምስት ሰው ይግባ፤ ባዶውን መኪና ማንም ይነዳዋል። ሻጩ «ነዳጁስ?» ካለ ነዳጁን እናንተ ሙሉ። «ደንገጎ ምን ያደርጋል፣ እዚሁ ሳቢያን እንዙር» ካለ ግን ለምን እንደሆነ አስቡ።

ስትወጡ ዓይናችሁ ከሙቀት መርፌው አይነሳ። መሃል ላይ ደርሶ እዚያው መቆም አለበት። ዳገቱ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ሜዳው ላይ ቢመለስ ምንም አይደለም። መውጣቱን ካላቆመ ግን መንገድ ዳር ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ፈተናው አልቋል። ሌላም ነገር አለ። መርፌው ከታች ተጣብቆ ፈጽሞ የማይነሳ ከሆነ አትደሰቱ። ወይ መርፌው ሞቷል፣ ወይ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ወጥቶ ተጥሏል። ቴርሞስታት ማውጣት የሚሞቅ ሞተርን ለጊዜው የመደበቂያ ዘዴ ነው። መካኒኩ ይህን ነጥሎ እንዲያይ ጠይቁት።

ፍጥነቱ አያሳስባችሁ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በሁለተኛ ማርሽ ማዝገሙ በሽታ አይደለም፤ መሞቁ ነው በሽታው። ፍሪሲዮኑ ግን ይታያል። ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሸራው አልቋል። ሽታውም ይነግራችኋል።

ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ከሥሩ እዩ። ምን ይንጠባጠባል? ከዚያ አጥፉት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ አስነሱት። ሲሞቅ የማይነሳ ናፍጣ የፖምፓ ችግር ሊኖርበት ይችላል፤ ፖምፓ ደግሞ ውድ ነው።

መውረዱ ከመውጣቱ በላይ ይናገራል። በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ ይዛችሁ ውረዱ። ነዳጁን ስትለቁ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ማርሹን ከተፋ ውስጡ ተበልቷል። ፍሬን ስትይዙ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል? ፔዳሉ እየቆየ ይሰምጣል? ታች ስትደርሱ አራቱም ጎማ አጠገብ እጃችሁን ሳትነኩ አቅርቡ። አንዱ ከሌሎቹ ነጥሎ የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ አይለቅም። መንገዱ ላይ ሲኖትራኩም አይሱዙውም የጫት መኪናውም አለ። በእርጋታ ንዱ፤ ጠመዝማዛው ላይ አትቁሙ። እኛ የገዛነው መኪና ይህን ዳገት ሁለት ጊዜ ነው የወጣው፤ አንዴ ከሻጩ ጋር፣ አንዴ ከጋሼ ጋር።

ቀድሞ አልጋ ከተገጠመለት

አንዳንድ ሰው ራሱ ያሠራውን ይሸጣል። ሊያዋጣ ይችላል፤ ግን የተሠራውን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሥራ መርምሩት። የሞተርሆም አገር ሰዎች መጀመሪያ የሚፈሩት እርጥበትን ነው። ግድግዳውን በአውራ ጣት ይጫኑታል። እናንተም ጣራው የተበሳበት ቦታና ማዕዘኑ ላይ እንዲሁ አድርጉ። ኮምፔንሳቶው ከሰጠመ ውሃ ይገባል። አንድ ባልዲ ውሃ ጣራው ላይ አፍስሳችሁ ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ።

የመብራቱን ሽቦ ተከተሉ። ለመኝታው የተለየ ባትሪ አለው ወይስ ሞተሩን ከሚያስነሳው ጋር አንድ ነው? አንድ ከሆነ ማታ ማራገቢያ አብርታችሁ ጠዋት ትገፉታላችሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 100 አምፒር አወር የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 1,200 ዋት አወር ይይዛል። የተለመደው የአሲድ ባትሪ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ መጠቀም ነው፤ 600 ማለት ነው። 24 ዋት የምትበላ ማራገቢያ ሁለት ብታበሩ በ9 ሰዓት 432 ትበላለች። ትንሽ መብራትና ስልክ ቻርጅ ይጨመርበታል። ፍሪጅ ግን አይቻልም። ለድሬዳዋ ሌሊት ከፍሪጅ ማራገቢያው ይበልጣል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ከሌለና የስፒከር ቀጭን ሽቦ ከተዘረጋ ሁሉንም ነቅላችሁ አዲስ እንደምትዘረጉ አስባችሁ ዋጋ ተደራደሩ።

ጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ካለ ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቀዳዳ መኖር አለበት። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። እኔ በበኩሌ ምድጃ ውጭ ይሁን ባይ ነኝ። ከሰልማ ፈጽሞ አይግባ። ቁልቢ ብርድ ነው ብሎ ምድጃ ከነፍሙ መኪና ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሞት ነው። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ይመስላል። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ በወፍራም ብርድ ልብስ ተኙ፤ መስኮት ገርበብ ይበል።

ክብደቱንም ደምሩ። አምስት ሰው 65 ኪሎ ቢሆን 325። አልጋና ፍራሽ 80። ውሃ 60 ሊትር 60 ኪሎ ነው። ባትሪ 30፣ ብርድ ልብስና ድስቱ 40። 535 ኪሎ ደረሰ። ሊብሬው ላይ ካለው የመጫን አቅም ጋር አስተያዩ። ባሌስትራው ከአሁኑ የተንጋለለ መኪና ይህን አይሸከምም።

አልጋው ተነቃይ ይሁን ያልኩት ለዚህም ነው። የወንበር ቁጥር ወይም ቦዲ መቀየር ከሊብሬው ጋር ያጣላል፤ የዓመት ምርመራ ላይም ይጠየቃል። የምትሄዱት ሰዎች ሁሉ ሲነዳ ወንበርና ቀበቶ ይኖራቸው። አልጋው ሲቆም ይዘረጋ። ከዚህ በላይ ለመቀየር ካሰባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

ወረቀቱ

ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር በዓይናችሁ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የተፋቀ ወይም የተበየደ ካለ እዚያው አቁሙ። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ይሁን። ወኪል ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚለውን በግልጽ ይጻፍ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ላጤ ከሆነ ማስረጃ ያምጣ። ቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ ስም አይዞርም።

እዳና እገዳ አጣሩ። ባንክ የያዘው ወይም ፍርድ ቤት ያገደው ሊሆን ይችላል። ያልተከፈለ ቅጣትም ይጠየቅ። ታርጋው ኮድ 3 የሚባለው ከሆነ የንግድ ነው። ለቤተሰብ የምትፈልጉት ከሆነ ወደ ግል ታርጋ (ኮድ 2 ወደሚባለው) መዛወር መቻሉን ቀብድ ሳትሰጡ አረጋግጡ።

ቀብድ በጽሑፍና በምስክር ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሻጭ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ወረቀት ሲኖር ነው። ዋናው ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረም። ሙሉ ዋጋው ውሉ ላይ ይጻፍ። ዋጋ ዝቅ አድርገን እንጻፍ ለሚል አትስማሙ፤ ነገ ጥል ቢመጣ የምትጠይቁት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን፣ ማጣሪያዎቹን፣ የራዲያተሩን ፈሳሽና የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ። ቺንጋው ማስረጃ ከሌለው እሱንም። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖር ከግቢ አይወጣም፤ ግዴታ ነው።

አልጋውን እንጨት ቤት ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ሌሊት ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግታችሁ ተኙ። ራሳችሁ ግቢ ይሁን። ንፋሱ ከየት እንደሚገባ፣ የጎረቤት መብራት በየትኛው መስኮት እንደሚመጣ፣ ሽማግሌ ሰው ሌሊት ለመውረድ ምን እንደሚይዝ የምታውቁት ያኔ ነው። እናቴ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ ያዘዘችው በሩ አጠገብ እጀታ እንዲገጠም ነው። እጀታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የውሃ ቧንቧ ነው፤ በሁለት ቡሎን ታስሯል። ታህሳስ 19 ማለዳ ቁልቢ ላይ እሱን ይዛ፣ ማንም ሳይደግፋት ወረደች።